ጎመን፣ ሰናፍጭና ፌጦ፦ ጥቅማቸውን ከመቀቀያው ውሃ ጋር ሳይደፉ ማዘጋጀት

አንድ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት ሲኒ ውስጥ ያድርጉና ደረቁን ያሽትቱት። ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ሁለት የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረው ያማስሉት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ያሽትቱት። አሁን አፍንጫን ሰርስሮ አናት ላይ ይወጣል፣ ዓይን ያስነባል። በሌላ ሲኒ ያንኑ ያህል ዱቄት በፈላ ውሃ ይለውሱ። ይህኛው ሩብ ሰዓት ቢቆይም ይመራል እንጂ እንደ መጀመሪያው አያቃጥልም። ጎመንና ዘመዶቹ ካንሰርን ለመከላከል ይረዳሉ ሲባል የሚወራው ነገር አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ሲኒዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በሰናፍጩ ፍሬ ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባል፣ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር አለ፤ ብቻውን ሲሆን አያቃጥልም። ከእሱ ተለይቶ በሌላ ክፍል የተቀመጠ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ አለ። ተክሉ ሲፈጭ፣ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ ሁለቱ ውሃ ባለበት ይገናኙና ኢሶታዮሳያኔት የሚባል የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ቅጠሉን ለሚበላው ትል ነው። የፈላ ውሃ ያደረገው ኢንዛይሙን መግደል ነው፤ ኢንዛይሙ ሲሞት ግሉኮሲኖሌቱ እንዳለ ይቀራል። ካንሰርን በመከላከል ረገድ ተመራማሪዎች በብዛት የሚያጠኑት ይህንኑ የሚያቃጥለውን ክፍል ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ሥራ በአጭሩ ኢንዛይሙ ሳይሞት ሥራውን እንዲሠራ ጊዜ መስጠት፣ ከሞተም ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት ነው።

ከየትኞቹ አትክልቶች ነው የሚገኘው?

አበባቸው አራት ቅጠል ኖሮት በመስቀል ቅርጽ ከሚዘረጋ ተክሎች ነው፦ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ፍጅል፣ ሰናፍጭ፣ ፌጦ። ቆስጣ ከጎመን ጎን ስለሚሸጥ ዘመዱ ይመስላል እንጂ የቀይ ሥር ቤተሰብ ነው፤ ስፒናችም እንዲሁ። ሁለቱም ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ይህን ንጥረ ነገር ግን አይፈልጉባቸው። ሰላጣም ውስጥ የለም። በተቃራኒው ሽፈራው አበባው ሌላ ሆኖ ሳለ የራሱ ዓይነት ግሉኮሲኖሌት አለው። ዓረብ አገር ያለ ሰው ደግሞ ጀርጂር የሚባለውን ቅጠል በየሱቁ ያገኛል፤ በጥሬው የሚበላ ስለሆነ ከታች የሚመጣው የማብሰል ጣጣ አይመለከተውም።

ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በሐበሻ ጎመንና በሰናፍጭ የሚበዛው ሲኒግሪን ነው፤ ሲፈርስ ያንን አፍንጫ የሚሰረስረውን ነገር ይሰጣል። ብሮኮሊ ግሉኮራፋኒን አለው፤ ከእሱ ሰልፎራፌን ይወጣል። በፌጦ የሚበዛው ግሉኮትሮፒኦሊን ሲሆን የሚሰጠው ቤንዚል ኢሶታዮሳያኔት ነው። ጥናቱ በብዛት የተሠራው በብሮኮሊ ላይ ስለሆነ ስለ ሰልፎራፌን የተገኘውን ሁሉ እንዳለ ወደ ጎመናችን ማዞር አይገባም። የመፍረሱ ሂደት ግን አንድ ነው።

ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

የሲጋራ ጭስ፣ የመኪና ጭስ፣ በሻገተ እህልና ኦቾሎኒ ላይ ያለ አፍላቶክሲን ወደ ሰውነት ሲገቡ የሴልን ዘረመል ሊጎዱ ይችላሉ። ጉበትና ሌሎች አካላት እነዚህን መርዞች አስረው በሽንት የሚያስወጡ ኢንዛይሞች አሏቸው። ኢሶታዮሳያኔት ሴል ውስጥ ሲገባ ኤንአርኤፍ2 የሚባለውን ፕሮቲን ከታሰረበት ይለቅቀዋል፤ ያ ፕሮቲን ደግሞ የእነዚያን ኢንዛይሞች ምርት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የፖል ታላላይ ቡድን ሰልፎራፌንን ከብሮኮሊ ለይቶ ያወጣው ይህን የሚያደርግ ነገር ሲፈልግ ነው።

በሰው ላይ ከተሠሩት ሁሉ ግልጹ በቻይና ቺዶንግ የተደረገው ነው። አየሩ በተበከለበት በዚያ አካባቢ 291 ሰዎች ለ12 ሳምንት ግማሾቹ ከብሮኮሊ ቡቃያ የተዘጋጀ መጠጥ፣ ግማሾቹ ያለ ብሮኮሊ የተዘጋጀ ተመሳሳይ መጠጥ ጠጡ። በ2014 የታተመው ውጤት እንደሚለው ብሮኮሊውን የጠጡት ሰዎች ቤንዚን የሚባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል በሽንታቸው 61 በመቶ የበለጠ አስወጥተዋል። (መኪና ውስጥ የምንሞላው ነዳጅ ማለት አይደለም፤ በነዳጅና በጭስ ውስጥ የሚገኝ ስሙ የተመሳሰለ ኬሚካል ነው።)

ይህ ማለት መርዙ ወጣ ማለት እንጂ ካንሰር ቀረ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 ማስረጃውን ሁሉ መዝኖ የደረሰበት፣ እነዚህን አትክልቶች መብላት የጨጓራንና የሳንባን ካንሰር አደጋ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው። «በመጠኑ» እና «ይችላል» የሚሉትን ቃላት ሳይዘሉ ያንብቧቸው። የያዘውን ካንሰር በጎመን አክማለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎ ይሽሹት። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራም ሆነ ይህንኑ ካንሰር ለመከላከል ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤችፒቪ ክትባት በጎመን አይተካም።

ጎመን ወጥ፦ ከተለመደው የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው

በብዙ ቤት ጎመን የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በብዙ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ ጎመኑ ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ ከዚያ ይቁላላል። ኢንዛይሙ ውሃው እንደፈላ ይሞታል፤ ግሉኮሲኖሌቱ ደግሞ ውሃ ስለሚወድ ወደ መቀቀያው ይወጣል። በእንግሊዝ አገር በተሠራ ልኬት ጥቅል ጎመን 30 ደቂቃ ሲቀቀል 65 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ግሉኮሲኖሌት አጥቷል፤ ብሮኮሊ ደግሞ 77 በመቶ። የጠፋው በአብዛኛው ውሃው ውስጥ ነው የተገኘው። በእንፋሎት እስከ 20 ደቂቃ የበሰለው ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አልጎደለበትም።

ለአምስት ሰው 1 ኪሎ ለጋ ጎመን ይበቃል።

ቅጠሉን ሳይከትፉ ይጠቡት። የተከተፈ ጎመን ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚፈለገው ነገር በቁርጡ በኩል ይወጣል። ካጠቡ በኋላ ውሃውን አራግፈው ቅጠሉን ከአገዳው ይቀንጥሱ። አገዳውን አይጣሉ፤ ለብቻው በቀጭኑ ይክተፉት።

ቅጠሉን ጠቅልለው በጣም ቀጭን አድርገው ይክተፉ፤ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በቀጠነ ቁጥር ብዙ ሴል ይፈርሳል፣ ኢንዛይሙ የሚያገኘው ነገር ይበዛል።

ከዚያ ይተዉት። ትልቁ ለውጥ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠይቀውም ትዕግሥት ብቻ ነው። የተከተፈውን ጎመን ሰፌድ ወይም ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግተው 40 ደቂቃ ያቆዩ። በቻይና በ2018 በታተመ ሙከራ፣ በደቃቁ ተከትፎ 90 ደቂቃ ከቆየ በኋላ የተጠበሰ ብሮኮሊ እንደተከተፈ ወዲያው ከተጠበሰው 2.8 እጥፍ ሰልፎራፌን ተገኝቶበታል። ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው 90 ደቂቃ አይሆንም፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃውም ትርጉም አለው። ስለዚህ ከጎመኑ ይጀምሩ፣ ሽንኩርቱን ከእሱ በኋላ ይላጡ። በዚህ ጊዜ ጨውና ሎሚ አይጨምሩ። ጨው ውሃውን ያወጣዋል፤ ሎሚ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል።

ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያቁላሉ፤ አምስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል ወቅጠው ይጨምሩ። አገዳውን አስገብተው አራት ደቂቃ ያብስሉ። ቅጠሉን ይጨምሩና አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ብቻ ጠብ አድርገው ይክደኑት። ለጋ ቅጠል ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያማስሉት። አረንጓዴው ደምቆ ሳለ ያውርዱት። ወደ ወይራ ቀለም ከዞረ አልፏል። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ይገባል።

ድስቱ ሥር ውሃ ከቀረ ጎመኑን አይጭመቁ፤ ክዳኑን ከፍተው ያድርቁት ወይም እንጀራው ይጠጣው።

ያረጀ፣ ወፍራም ቅጠል በስምንት ደቂቃ አይበስልም፤ 15 ደቂቃ እና ትንሽ ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። ያኔ ኢንዛይሙ መሞቱን ተቀብለው ሰናፍጩ ላይ መተማመን ነው።

ለብለብ ወይስ ጥሬ?

ጥሬው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። በብሮኮሊ ግን እንዲህ አይደለም። ከማይሮሲኔዝ ጎን ሌላ ፕሮቲን አለ፤ እሱ የሚፈጠረውን ነገር ወደ ሰልፎራፌን ሳይሆን ኒትራይል ወደሚባል ብዙም ወደማይጠቅም ነገር ይመልሰዋል። ይህ ፕሮቲን 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ይሞታል፤ ማይሮሲኔዝ ግን በዚያ ሙቀት ይቆያል። ስለዚህ ክትፎን ለብለብ እንደሚያደርጉት ብሮኮሊውንም እንዲሁ ያድርጉት። ወንፊት ላይ አድርገው በፈላ ውሃ እንፋሎት 3 ደቂቃ፣ ቢበዛ 4። ውሃው ወንፊቱን አይንካ። ሹካ በጥቂት ግፊት ከገባለት በቂ ነው።

የጎመን ክትፎ የሚሠራ ሰውም በዚሁ መንገድ ይጠቀም። ቅጠሉን በደቃቁ ከትፎ፣ አቆይቶ፣ በእንፋሎት 6 ደቂቃ ካዋለ በኋላ ቅቤና ሚጥሚጣ ማድረግ ይቻላል። ከተቀቀለው ይልቅ ትንሽ ጠንከር ይላል፤ ለመጭመቅ የሚተርፍ ውሃ ግን የለውም።

የጾሙ ጥቅል ጎመን በካሮትና በድንች ትልቁ ስህተቱ ሁሉንም በአንዴ መጨመሩ ነው። ድንቹ 25 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጎመኑ 7። አስቀድመው የከተፉትን ጥቅል ጎመን ድንቹ ሊበስል ሲል ይጨምሩ። ጎመን በሥጋም እንዲሁ ነው፦ ሥጋው ለብቻው በስሎ ያልቅ፣ ጎመኑ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ይግባ። እዚህ መረቁ ስለሚበላ የሚደፋ ነገር የለም።

ሰናፍጭ፦ የሞተውን መተኪያ

የበሰለ ጎመን ግሉኮሲኖሌት ይዞ ኢንዛይም ያጣ ምግብ ነው። የአንጀት ባክቴሪያዎች የተወሰነውን ያፈርሱታል፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው፣ ከሰው ሰውም ይለያያል። ሰናፍጭ ኢንዛይሙን ከውጭ ያመጣል፤ የሰናፍጭ ማይሮሲኔዝ ደግሞ ከብሮኮሊው ይልቅ ሙቀት ይችላል። በ2018 የታተመ የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎችን 200 ግራም የበሰለ ብሮኮሊ አበላ፤ አንዴ ብቻውን፣ አንዴ 1 ግራም የሰናፍጭ ዱቄት ነስንሶ። ሰናፍጭ ሲኖርበት ወደ ሰውነት የገባው ሰልፎራፌን ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ።

1 ግራም ማለት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ለአንድ ሰው ድርሻ ይህ ይበቃል። ወጡ ከወረደ በኋላ፣ ጣት የሚያስነካ ያህል ሲቀዘቅዝ፣ በየሳህኑ ላይ ነስንሰው ያማስሉትና 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ድስት ውስጥ እሳት ላይ እያለ ከጨመሩ ሁለተኛውን ሲኒ መድገም ነው።

ዱቄቱን ያልተቆላ ፍሬ ገዝተው ይፍጩ። ለምጣድ ማሰሻ የሚሸጠው ጎመን ዘር አንዳንዴ የተቆላ ወይም ዓመታት ያለፈው ስለሚሆን በመጀመሪያው የሲኒ ሙከራ ይፈትኑት፦ በቀዝቃዛ ውሃ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ካላቃጠለ ለምጣዱ ይተዉት። በማሰሮ ወይም በጠርሙስ የተዘጋጀ ሰናፍጭም በሆምጣጤና በሙቀት ያለፈ ከሆነ ቅመም ነው እንጂ ኢንዛይም አይሰጥም።

ለማጥቀሻ የሚሆነውን ሲሠሩ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ4 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ለውሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ብቻ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ፍልቃቂ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና አንድ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ። ሎሚው ቀድሞ ከገባ ሰናፍጩ ለዘብ ብሎ ይቀራል። የሚያቃጥለው ነገር ተናኝ ስለሆነ ከሦስት ቀን በኋላ ይደክማል፤ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ መሥራት ነው።

የቀዘቀዘ የከረጢት ብሮኮሊ ለሚገዙ በውጭ ላሉ ሰዎች ሰናፍጭ የግድ ነው ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ከማቀዝቀዙ በፊት በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ስለሚያሳልፈው ኢንዛይሙ ቤት ከመድረሱ በፊት ሞቷል፤ ቤት ውስጥ ከትፎ ማቆየትም ምንም አይጨምርለትም። ኮላርድ ግሪን የሚባለውን የጎመን ዓይነት በትኩሱ ገዝቶ ጎመን ለሚሠራ ግን ከላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ይሠራለታል። አብስለው ያስቀመጡትን ሲያሞቁ ሰናፍጩን ካሞቁ በኋላ ይነስንሱ።

በሳምንት ስንት ጊዜ?

ወደ ሰውነት የገባው ኢሶታዮሳያኔት አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ እሑድ አንድ ድስት ከመብላት በሳምንት ሦስት አራት ቀን አንድ አንድ ጭልፋ መብላት ይሻላል። የጾም ወራት ለዚህ የተመቸ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

እንቅርት ያለበት ወይም አዮዲን በሚያንስበት ደጋ የሚኖር ሰው ጥሬ ጎመን በብዛት አይብላ። ከግሉኮሲኖሌት የሚወጡ አንዳንድ ነገሮች ታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳያገኝ ይሻማሉ። በ2010 በሕክምና መጽሔት የወጣው የአንዲት የ88 ዓመት ሴት ታሪክ ይህን ያሳያል፦ ለወራት በየቀኑ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ጥሬ የቻይና ጎመን በልተው ታይሮይዳቸው ሥራ አቁሞ በከባድ ሁኔታ ሆስፒታል ገቡ። በጭልፋ የሚለካ የበሰለ ጎመን ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፣ አዮዲኑ በሙቀትና በአየር ይጠፋልና።

ዋርፋሪን የሚባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጎመን መተው የለበትም፤ መጠኑን ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋውጥ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃወማል። የጾም ወር ሲገባ ጎመን የሚያበዛ ከሆነ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገርና የደም ምርመራው ይታይለት።

የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው የበሰለ ጎመን መብላት ይችላል። በክኒን የተጨመቀውን ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ጥሬ ቅጠልና ቡቃያም ነጭ የደም ሴሉ ሲወርድ ለኢንፌክሽን ያጋልጡታል። ጨጓራ የሚያሰቃየው ሰናፍጩን ይቀንስ። እርጉዝ ሴት ፌጦን እንደ መድኃኒት በብዛት ባትወስድ ይሻላል።

በቆሸሸ የወንዝ ውሃ የሚለማ ጎመን ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ በሚለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ማጠብ አፈሩንና ጀርሙን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ በሥሩ የመጠጠውን ብረት ግን አያወጣም። የሚመጣበትን ቦታ ጠይቆ መግዛት ነው ያለው መፍትሔ።

ቡቃያ በቤት

በ1997 እዚያው ጆንስ ሆፕኪንስ የተገኘው ነገር የሦስት ቀን የብሮኮሊ ቡቃያ ካደገው ብሮኮሊ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ግሉኮራፋኒን እንዳለው ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለመብል የተዘጋጀ ዘር (ለእርሻ የሚሸጠው መድኃኒት የተቀባ ሊሆን ይችላል) በጠርሙስ ውስጥ 8 ሰዓት ይዘፍዝፉ፣ ውሃውን ይድፉ፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው ዘቅዝቀው ያስቀምጡ፤ በቀን ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እያለቀለቁ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይብሉት። ሞቅ ያለና እርጥብ ቦታ ለባክቴሪያም ይመቻል፤ የሚሸት ወይም የሚያዳልጥ ከሆነ ሁሉንም ይጣሉ።

ፌጦ በጠርሙስ አይሆንም። ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ስለሚዝለገለግ ተጣብቆ ይሻግታል። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፈው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘር ሳይደራረብ ይበትኑ፣ ውሃ በእጅዎ ይርጩበት፣ ለሁለት ቀን በሌላ ሳህን ይክደኑት፣ ከዚያ ብርሃን ያሳዩት። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን በመቀስ ቆርጠው እንጀራ ላይ ወይም ሰላጣ ውስጥ ያድርጉት። በሁለተኛው ቀን ሥሩ ላይ ነጭ ጸጉር ሲያዩ ሻጋታ ነው ብለው አይጣሉት፤ ውሃ ይርጩበት። ጸጉሩ ተኝቶ ከጠፋ የሥር ጸጉር ነው። እንደ ሸረሪት ድር ከዘር ዘር ተያይዞ ከቆየና ከሸተተ ግን ሻጋታ ነው፤ ጨርቁንም ጭምር አውጥተው ይጣሉ።